ስለ «ስብዕና መታወክ» ሲጻፍ መጠኑ ይቅደም

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፦

በቅርቡ በጤና ዐምዳችሁ ስለ ስብዕና መታወክ የወጣውን ሰፊ ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። በሕክምና ቋንቋ ይህ ስም የሚሰጠው ሰው ራሱን የሚያይበትና ከሰው ጋር የሚኖርበት ጠባይ ለረዥም ጊዜ ሲያስቸግረው ነው። በአማርኛ እምብዛም የማይጻፍበት ጉዳይ ስለሆነ ቦታ ሰጥታችሁ ማውጣታችሁን አመሰግናለሁ። ይሁን እንጂ ጽሑፉ ዐሥር «የስብዕና መታወክ ዓይነቶችን» በተርታ ዘርዝሮ፣ ለእያንዳንዱም የምልክቶች ዝርዝር ካስቀመጠ በኋላ፣ አንባቢው የትዳር ጓደኛው፣ አለቃው ወይም አማቱ ከየትኛው ዓይነት እንደሚመደቡ ለይቶ እንዲጠነቀቅ መክሯል። ከሃያ ዓመት በላይ በአእምሮ ሕክምና ነርስነት ያገለገልሁ እንደመሆኔ ይህን ምክር በዝምታ ማለፍ አልቻልሁም።

ዐሥሩ ዓይነቶች ከጸሐፊው የፈለቁ አይደሉም። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በሚያሳትመው የምርመራ መመሪያ ውስጥ እስከ ዛሬ የሚገኙ ናቸው። ነገር ግን የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በግንቦት 2019 ባጸደቀውና ከጥር 1 ቀን 2022 ጀምሮ ሥራ ላይ ባዋለው ዐሥራ አንደኛው ዓለም አቀፍ የበሽታዎች ምደባ እንዲህ ያለውን በዓይነት የመክፈል አሠራር ትቶታል። በምትኩ የገባው የችግሩን ክብደት በመጠን የሚለካ አሠራር ነው። ጽሑፋችሁ ይህን ለውጥ በአንድ ዐረፍተ ነገር እንኳ አላነሣውም፤ እኔ ግን ለውጡ ለባለሙያዎች ብቻ የሚተው የቢሮ ጉዳይ ሳይሆን ሰው በቤቱና በሠፈሩ የሚኖረውን ኑሮ የሚነካ ነው ብዬ አምናለሁ።

ከሥራዬ አንድ ታሪክ ልጥቀስ፤ ባለታሪኳ ፈቅዳልኛለች፣ ማንነቷን ሊያሳውቅ የሚችለውንም ሁሉ ለውጫለሁ። ዕድሜዋ ሠላሳ ያልሞላ፣ የአንድ ልጅ እናት ናት። ከባሏ ጋር ክፉኛ በተጋጩበት ምሽት ራሷን ጎድታ ወደ አንድ ሕክምና ቤት ተወሰደች፤ በማግሥቱ ስትወጣ «ድንበርተኛ የስብዕና መታወክ» የሚል ወረቀት ተሰጣት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ያ ወረቀት ባልና ሚስቱን ሊያስታርቁ በተቀመጡ ሽማግሌዎች ፊት ተነበበ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ «ድንበርተኛ ማለት ከማን ጋር?» ብለው ጠየቁ። ጥያቄያቸው ተገቢ ነበር፤ በአማርኛ ድንበርተኛ ማለት መሬቱ ከመሬትህ የሚዋሰን ሰው ነውና። ሊያስረዳቸው የቻለ አልነበረም። የባል ወገን ግን ቃሉን ባይረዳውም የሚሰጠውን ጥቅም ፈጥኖ ተረዳ፤ ልጁ ከእናቱ ይለይ ለሚለው ሐሳብ ያቺ አንዲት መስመር ማስረጃ ሆና ቀረበች።

ለሽማግሌው ጥያቄ መልሱ በታሪክ ውስጥ አለ። አዶልፍ ስተርን የተባለ የኒውዮርክ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1938 «በድንበር ላይ ያሉ» ብሎ ስለጠራቸው ሕሙማን ጻፈ፤ በዚያን ጊዜ አስተሳሰብ በአንድ ወገን ቀለል ያሉ የጭንቀት ሕመሞች፣ በሌላው ወገን ደግሞ አእምሮን የሚያስቱ ከባድ ሕመሞች ነበሩና፣ እነዚህ ሕሙማን በሁለቱ መካከል እንደቆሙ ተቆጠረ። ያ የድንበር ሐሳብ ከተተወ ብዙ ዓመት ሆኖታል። ስሙ ግን ቀረ፣ ወደ እኛ ቋንቋም በቁሙ ተመለሰ፤ በኋላም ያቺ ሴት ልጇን ልታጣበት ተቃርባ ነበር።

የዓይነቶቹ ዝርዝር ራሱ ከዚህ ይቀድማል። ጀርመናዊው ሐኪም ኩርት ሽናይደር እ.ኤ.አ. በ1923 ባሳተመው ሥራ ዐሥር ዓይነት ያልተለመዱ ስብዕናዎችን ገልጾ ነበር፤ የአሜሪካው መመሪያ ሦስተኛ እትም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1980 የስብዕና መታወክን ለብቻው በተለየ ዘርፍ አስቀምጦ ለእያንዳንዱ ዓይነት የሚቆጠሩ ምልክቶችን ደነገገ። የዚያ ዘመን ሰዎች ይህን ያደረጉት በቂ ምክንያት ኖሯቸው ነው፤ አንድን ሕመምተኛ አንዱ ሐኪም እንዲህ፣ ሌላው እንዲያ ብሎ በሚጠራበት ሁኔታ ምርምርም ሕክምናም ሊራመድ አይችልምና የጋራ ቋንቋ ያስፈልግ ነበር። ችግሩ የመጣው ለመግባቢያ የተሰመረው መስመር በተፈጥሮ ያለ መስመር ተደርጎ በመታየቱ ነው።

በሒሳብ ሲታይ ችግሩ ይጎላል። ድንበርተኛ ለሚባለው ዓይነት ዘጠኝ ምልክቶች ተዘርዝረዋል፤ ስሙን ለመስጠት አምስቱ ይበቃሉ። ከዘጠኙ አምስትና ከዚያ በላይ የሚመረጥባቸው መንገዶች ሲቆጠሩ 256 ይሆናሉ፤ ይህን አንድ ስም የተሸከሙ ሁለት ሰዎች በአንዲት ምልክት ብቻ ተገናኝተው በቀሩት ሁሉ ሊለያዩ ይችላሉ። ከልክ ያለፈ ሥርዓትና ፍጽምና ፈላጊነትን በሚመለከተው ዓይነት ደግሞ ከስምንት ምልክቶች አራት ስለሚበቁ፣ ሁለት ሰዎች በአንዲት ምልክት እንኳ ሳይመሳሰሉ አንድ ስም ሊሰጣቸው ይችላል። በአንጻሩ አራት ምልክቶች ያሉባት ሴት ከጎረቤቷ በላይ እየተሠቃየችም ቢሆን ስሙ አይሰጣትም፤ ጎረቤቷ ግን አምስተኛዋን ምልክት በመጨመሯ ብቻ ታማሚ ትባላለች። በአራትና በአምስት መካከል ከሌላው ቦታ የተለየ ነገር እንዳለ የሚያሳይ ጠንካራ ማስረጃ አልተገኘም። በዚያ ላይ አንዱን ዓይነት የሚያሟላ ሰው ብዙ ጊዜ ሁለተኛውንና ሦስተኛውንም ያሟላል፤ ከየትኛውም ጋር የማይገጥመው ደግሞ «ሌላ ያልተገለጸ» በሚል ጥግ ይጣላል። ዐሥር ዕቃ ቤት ሠርተን ዕቃው ግማሹ በሁለት ሦስት ቤት የሚገባ፣ ግማሹ ደጅ የሚያድር ከሆነ፣ ጥፋቱን ከዕቃው ላይ መፈለግ የለብንም።

አዲሱ የዓለም ጤና ድርጅት ምደባ የተነሣው ከዚህ ነው። ሥራውን የመራው ቡድን ሰብሳቢ እንግሊዛዊው ፕሮፌሰር ፒተር ታይረር ነበሩ። በዚህ አሠራር ባለሙያው በመጀመሪያ የሚጠይቀው ሰውየው ምን ያህል እንደተቸገረ ነው። ስለ ራሱ ያለው ግምት ምን ያህል የጸና ነው? የሚሄድበትን አቅጣጫ ያውቃል ወይ? የሌላውን ሰው ስሜት መረዳት፣ መቀራረብ፣ ተጋጭቶ መታረቅ ይችላል? በቤት፣ በሥራና በማኅበራዊ ኑሮ የደረሰው ጉዳት ምን ያህል ነው? በራሱ ወይም በሌላው ላይ አደጋ አድርሷል? ችግሩ ለረዥም ጊዜ፣ ለምሳሌ ለሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ፣ የዘለቀ መሆን ይኖርበታል። ከዚህ በኋላ መጠኑ ቀላል፣ መካከለኛ ወይም ከባድ ተብሎ ይገለጻል። ከቀላሉም በታች «የስብዕና ችግር» የሚባል፣ ከነጭራሹ እንደ መታወክ የማይቆጠር እርከን አለ፤ በአንዳንድ ሁኔታ ወይም በአንዳንድ ጊዜ ብቻ ጎልቶ የሚወጣ አስቸጋሪ ጠባይ ማለት ነው። ይህ እርከን ከሁሉ ይልቅ ደስ የሚያሰኘኝ ነው፤ ምክንያቱም አብዛኞቻችን በሕይወታችን በአንዱ ወቅት የምንገኝበት ሥፍራ ይመስለኛል።

ጠባዩ ምን መልክ አለው የሚለው ጥያቄ የሚመጣው ከመጠኑ ቀጥሎ ነው፤ ለዚህም አምስት የጠባይ ዘርፎች ቀርበዋል። እነሱም ጭንቀት፣ ንዴትና ኀዘን ቶሎ የሚያጠቃው መሆን፣ ከሰው መራቅና ስሜትን መሸሸግ፣ ለሌላው ሰው መብትና ስሜት ደንታ ማጣት፣ ሳያስቡ በስሜት ግፊት ማድረግ፣ እንዲሁም ሁሉ ነገር በልኩና በሥርዓቱ ካልሆነ ብሎ መድረቅ ናቸው። አንድ ሰው ከአምስቱ አንዱም ጎልቶ ላይታይበት፣ ሦስቱ ደግሞ በአንድነት ሊታዩበት ይችላሉ። ዘርፎቹ ሰው የሚገባባቸው ክፍሎች አይደሉም፤ ሁላችንም ያለን፣ የምንለያየውም በማነሱና በመብዛቱ ነው።

እዚህ ላይ ቋንቋችን ከአዲሱ አሠራር ጋር የሚስማማበትን መንገድ ላንሣ። ጎርደን ኦልፖርትና ሄንሪ ኦድበርት እ.ኤ.አ. በ1936 ከአንድ ትልቅ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ሰውን ከሰው የሚለዩ ወደ 18 ሺህ የሚጠጉ ቃላት ለቅመው ነበር፤ የኋላ ተመራማሪዎች የጠባይ ቃላትን እያጠኑና እየጨመቁ ወደ አምስት ሰፋፊ ዘርፎች አደረሷቸው። የአማርኛም ጎተራ ባዶ አይደለም። ሆደ ባሻ፣ ሆደ ቡቡ፣ ሆደ ሰፊ፣ ግልፍተኛ፣ ቂመኛ፣ አኩራፊ፣ ቁጥብ እንላለን። እነዚህን ቃላት ስንናገር ከፊታቸው መጠን እንጨምራለን፦ «ትንሽ ሆደ ባሻ ናት»፣ «በጣም ግልፍተኛ ሆኗል»፣ «ድሮ አኩራፊ ነበረ፣ አሁን ለዝቦለታል»። ጠባይ እንደሚበዛና እንደሚያንስ፣ ከጊዜ ጋርም እንደሚለወጥ በአነጋገራችን ውስጥ አለ። «ዐመል ያወጣል ከመሐል» የሚለውም ብሂል ቢሆን ጠባዩን በስሙ አይጠራውም፤ የሚመለከተው ከሰው መካከል እስከ ማስወጣት መድረሱን ነው። አዲሱ ምደባም ክብደቱን የሚለካው ሰው ከሰው ጋር ባለው ኑሮ ላይ በደረሰው ጉዳት ነው።

መጠኑ ከመልኩ የሚቀድምበትን ምክንያት በአንድ ባሕታዊ ማየት ይቻላል። በበረሃ ብቻውን የሚኖር፣ ንግግር የቀነሰ፣ ከቤተሰብና ከሀብት የተለየ ባሕታዊ «ከሰው መራቅ» በሚለው ዘርፍ ቢለካ ከሁላችንም በላይ ይሆናል። በምልክት ዝርዝር ብቻ የሚሠራ ሰው ወደ አንዱ ዓይነት ሊከተው ይችላል። ነገር ግን ባሕታዊው የሚሄድበትን ያውቃል፣ ቀኑን በሥርዓት ያሳልፋል፣ ማንንም አልጎዳም፣ ሰዎችም በረከት ፍለጋ ወደ እሱ ይሄዳሉ። የመጀመሪያው ጥያቄ «ተቸግሯል ወይ?» ሲሆን መልሱ «አልተቸገረም» ነውና ነገሩ እዚያው ያበቃል። አዲሱ ምደባም የጠባዩ አካሄድ በዋነኛነት ከማኅበራዊና ከባህላዊ ሁኔታ የመነጨ ከሆነ እንደ መታወክ እንዳይቆጠር ያዝዛል። ለእኛ አገር ባለሙያ ይህ ሐረግ ከምንም በላይ ሊያዝ የሚገባው ነው፤ ዝምታንና ቁጥብነትን እንደ ጨዋነት የምናይ ሕዝብ ነንና፣ በሌላ አገር ሰዎች የተዘጋጀ መጠይቅ ጨዋነታችንን ሕመም ብሎ ሊመዘግብብን ይችላል።

ሌላው በሥራዬ ደጋግሞ የሚገጥመኝ የዓረብ አገር ተመላሽ እኅቶቻችን ጉዳይ ነው። ለዓመታት በሰው ቤት ተዘግቶባት የሠራች፣ ደመወዟን የተከለከለች፣ የተደበደበች ሴት ወደ አገሯ ስትመለስ ሰው አታምንም፣ በር ሲዘጋ ትደነግጣለች፣ በትንሽ ነገር ትቆጣለች፣ ራሷን እንደ ከንቱ ታያለች። ዝርዝር ይዞ ለሚቆጥር ሰው «ተጠራጣሪ» ወይም «ድንበርተኛ» ስብዕና የሚለውን ለመጻፍ የሚበቃ ምልክት አላት። እናቷን ስትጠይቁ ግን «ስትሄድ ተጫዋች ነበረች» ትላችኋለች። ተራዝሞና ተደጋግሞ የደረሰ ግፍ የሚያስከትለውን የአእምሮ ጉዳት አዲሱ ምደባ ለብቻው ስም ሰጥቶ ለይቶ አስቀምጦታል፤ በጠባይ ላይ የሚታየውን ለውጥም በዚያ ሥር ማየት ይቻላል። የደረሰባትን ሳይጠይቅ «ስብዕናሽ ታውኳል» የሚል ባለሙያ አሠሪዋ በበደላት ላይ ሌላ በደል ይጨምራል። ይህን የምለው በቁጣ ቢመስል ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ እንዲህ ያለ ወረቀት ይዘው የመጡ ብዙ ሴቶችን አይቻለሁ።

አሜሪካኖቹስ የት ደረሱ? እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው አምስተኛው እትማቸው ሲዘጋጅ የተመደበው ቡድን በመጠን ላይ የተመሠረተ አማራጭ አቅርቦ ነበር። የማኅበሩ ቦርድ በ2012 መጨረሻ የድሮዎቹን ዐሥር ዓይነቶች ባሉበት እንዲቆዩ ወስኖ፣ አማራጩን ተጨማሪ ጥናት በሚያስፈልጋቸው ጉዳዮች ክፍል ውስጥ አስቀመጠው። ስለዚህ በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ሁለት የማይስማሙ አሠራሮች ጎን ለጎን ይኖራሉ። አማራጩ አምስት የጠባይ ዘርፎችን ወደ 25 ንኡሳን ከፍሎ፣ ከዓይነቶቹም ስድስቱን ያስቀራል፤ ለመለኪያነት የተዘጋጀው ሙሉ መጠይቅም 220 ጥያቄዎች አሉት። በአንድ ጧት ሠላሳ አርባ ሰው በሚጠብቅበት የተመላላሽ ክፍል የሚሠራ ሰው ይህን ሲሰማ ምን እንደሚል አውቃለሁ። አወሳሰቡ ተግባራዊ አይደለም የሚለው ቅሬታ እውነት አለው። የዓለም ጤና ድርጅቱን መንገድ የምመርጠውም በዚህ ምክንያት ነው፤ የመጀመሪያውን የመጠን ጥያቄ በጤና ጣቢያ ያለ ባለሙያ ጥቂት ሥልጠና ወስዶ ሊጠይቀው ይችላል፣ የጠባዩን ዝርዝር ደግሞ ጊዜና ልምድ ላለው ማሳለፍ ይቻላል።

በዓለም ጤና ድርጅቱም ወገን ቢሆን ለውጡ ያለ ክርክር አላለፈም። የዘርፉ ተመራማሪዎች ማኅበራት ዓይነቶቹ በሙሉ ከተሰረዙ በድንበርተኛው ስም የተፈተኑ ሕክምናዎች ባለቤት ያጣሉ ብለው ተቃወሙ። ማርሻ ሊነሃን የተባሉት አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ሊቅ ያዘጋጁት፣ ስሜትን ማብረድንና ቀውስን መሻገርን ደረጃ በደረጃ የሚያስተምረው ሕክምና ውጤቱ የታየው በዚያ ስም በተመረጡ ሕሙማን ላይ ነበርና ሥጋቱ መሠረት ነበረው። በመጨረሻም «የድንበርተኛ አካሄድ» የሚል ተጨማሪ መግለጫ ከአምስቱ ዘርፎች ጎን እንዲገባ ስምምነት ተደረገ። ለአሠራሩ ንጽሕና የሚቆሙ ሰዎች ይህን እንደ ሽንፈት ያዩታል፤ እኔ ግን እቀበለዋለሁ፤ ስሙ ሕክምና የሚያስገኝ እስከ ሆነ ድረስ ሕመምተኛውን ከሕክምናው ለመለየት መቸኮል አይገባም።

ከባልደረቦቼ የምሰማው ጠንካራ ተቃውሞ ሌላ ነው። መጠን ብንለካም እኮ የሆነ ቦታ ላይ መቁረጣችን አይቀርም ይላሉ። እውነት ነው። የደም ግፊትን ያየን እንደሆነ፣ በአሜሪካ የልብ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2017 መነሻውን ከ140 በ90 ወደ 130 በ80 ሲያወርዱት፣ የብዙ ሚሊዮን ሰዎች ደም ሳይለወጥ ስማቸው በአንድ ቀን ተለወጠ። ነገር ግን በደም ግፊት ጊዜ ማንም ሰው ቁጥሩን አይደብቅብህም፤ 142 የሆነውና 210 የሆነው አንድ ስም ቢጠሩም ልዩነታቸው በካርዳቸው ላይ ተጽፏል፣ ሕክምናቸውም ይለያያል፣ ወር ቆይተው ሲመጡም እንደገና ይለካሉ። በዓይነት የመመደብ ጥፋቱ ከቆረጠ በኋላ ልኩን መጣሉ ነው። «ከባድ» የሚለው ቃልም በተራው እንደ ማኅተም የሚለጠፍ ስም እንዳይሆን መጠንቀቅ ይኖርብናል፤ መጠን ተብሎ የተጻፈ ነገር ቀን ካልተጻፈበትና በጊዜው ካልታደሰ ከድሮው ስም በምንም አይሻልም።

መታደስ አለበት የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። በጽሑፋችሁ ውስጥ ያሳዘነኝ ትልቁ ስሕተት «የስብዕና መታወክ አይድንም» የሚለው ነው። ሜሪ ዛናሪኒና ባልደረቦቻቸው በቦስተን አካባቢ በሚገኘው ማክሊን ሆስፒታል በድንበርተኛው ስም የተመረመሩ 290 ሕሙማንን ለረዥም ዓመታት ተከታትለዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጡት ዘገባ በዐሥር ዓመት ውስጥ ከመቶ 93ቱ ቢያንስ ለሁለት ዓመት የዘለቀ የምልክት መወገድ አግኝተዋል። ይኸው ጥናት ከምልክት መወገድ አልፎ በሥራና በማኅበራዊ ኑሮም መልካም ደረጃ ላይ የደረሱት ግማሾቹ መሆናቸውን ያሳያልና፣ ሁሉ ነገር ይስተካከላል ብዬ ተስፋ ልሸጥ አልፈልግም። ነገር ግን ዓይነት ተብሎ የተነገረው አብዛኛው ሰው ከዓይነቱ ወጥቷል። ይህን ውጤት በመጠን የሚያስብ ሰው ያለ ችግር ይረዳዋል፦ የቀረው ጠባይ ነው፣ የቀነሰው ጉዳቱ ነው፣ አሁንም ድጋፍ የሚሻው በሥራና በግንኙነት ላይ ያለው ክፍተት ነው።

ወደዚያች እናት ልመለስ። ከሐኪሙ ጋር ሆነን አራት ጊዜ አነጋግረናት፣ እናቷንና አብራት የምትሠራ ጓደኛዋን በፈቃዷ ጠይቀን ሌላ ወረቀት ጻፍን። በልብስ ስፌት ሥራዋ ስድስት ዓመት ሙሉ ሳታቋርጥ መሥራቷን፣ የቆዩ ጓደኞች እንዳሏት፣ ልጇን በሚገባ እንደምትይዝ አስቀደምን። ችግሩ የሚገንነው ከባሏ ጋር ሲጋጩና እተዋለሁ ብላ ስትፈራ መሆኑን፣ ያን ጊዜ ስሜቷ ከልክ በላይ እንደሚግልና ሳታስብ ራሷን ልትጎዳ እንደምትችል፣ ሌላ ሰው ግን ጎድታ እንደማታውቅ ገለጽን። መጠኑ ቀላል፣ በቀውስ ሰዓት ግን ክትትል የሚያስፈልገው መሆኑን ጽፈን ቀኑን ጨመርን፤ ከስድስት ወር በኋላ እንደገና መታየት እንዳለባትም አከልን። ይህ ወረቀት ሲነበብ ሽማግሌዎቹ የሚጠይቁት ተለወጠ። ከማን ጋር ትዋሰናለች ያሉት አባት በዚህኛው ቀን «ያ ፍርሃት የሚመጣባት መቼ መቼ ነው?» ሲሉ ጠየቁ፤ መልሱንም ራሷ ሰጠች። ልጇ ከእሷ ጋር ነው።

አንድ የቃል ጉዳይ አስከትዬ ላብቃ። «ስብዕና» የሚለው ቃል ከግእዙ «ሰብእ» የመጣ ነው፤ ሰው መሆንን፣ ሰው የሚያሰኘውን ክብር ይነግራል። «ስብዕና የሌለው» ስንል ጨካኝ፣ ከሰውነት ተራ የወጣ ማለታችን ነው። ስለዚህ አንድን ሰው «የስብዕና መታወክ አለብህ» ስንለው እንግሊዝኛው ከሚለው እጅግ የከበደ ነገር እየነገርነው ነው፤ ሰውነትህ ታውኳል የተባለ ያህል ይሰማዋል። እኔ በክፍሌ ውስጥ «ከራስህና ከሰው ጋር የምትኖርበት ጠባይ አስቸግሮሃል» ማለትን መርጫለሁ፤ ረዥም ቢሆንም ሰው ሲሰማው አንገቱን አይደፋም። «የጠባይ መክበድ» የሚለውም በሕዝቡ አነጋገር ውስጥ ያለና መጠንን የሚያመለክት ስለሆነ ሊታሰብበት ይችላል። የሥነ አእምሮና የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ከቋንቋ ሊቃውንት ጋር ተቀምጠው ቢመክሩበት ጋዜጣችሁ መድረክ ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ያለ ጉባኤ ቢጠራ ከአገልግሎት ሰዓቴ ውጭ ለመገኘት ዝግጁ ነኝ።

እስከዚያው ግን ዝግጅት ክፍሉን ሁለት ነገር እለምናለሁ። አንደኛው፣ በዚያ ጽሑፍ ላይ የወጣው የምልክቶች ዝርዝር በድረ ገጻችሁም ስላለ፣ ሰው የቤተሰቡን አባል እንዲመረምርበት የሚጋብዘው ክፍል እንዲነሣና የምደባው ለውጥ በአጭሩ እንዲጨመር ነው። ሁለተኛው፣ በሚቀጥለው እትም ራስን የመጉዳት ሐሳብ ያለበት ሰው ቤተሰቡ ምን ማድረግ እንዳለበት የሚገልጽ ጽሑፍ እንዲወጣ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለጤና ጣቢያዎች ያዘጋጀውና በአገራችን ሥራ ላይ ያለው የአእምሮ ጤና መመሪያ ስለ ስብዕና መታወክ ለብቻው የቆመ ምዕራፍ የለውም፤ ራስን ስለ መጉዳት ግን ምዕራፍ አለው፤ እነዚህ ሰዎች ወደ እኛ የሚመጡትም ብዙውን ጊዜ በዚያ በር ነው። ጽሑፉን የሚያዘጋጅ ሰው ካጣችሁ እኔ አዘጋጅቼ እልካለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት የአእምሮ ሕክምና ነርስ
አዲስ አበባ